በሜኮንግ ዳር ሰው ቤት ስታድሩ

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «የምጽፈው ከዱባይ ነው። በታኅሣሥ ከባለቤቴ፣ ከ7 ዓመት ልጄና ከአዲስ አበባ ከምትመጣው የ66 ዓመት እናቴ ጋር ቬትናም ልንሄድ ነው። ሜኮንግ ዴልታ ላይ ሆቴል ሳይሆን ቤተሰብ ቤት ማደር እንፈልጋለን። እናቴ የገናን ጾም ትጾማለች፣ ጉልበቷንም ያማታል። ማናችንም የአሳማ ሥጋ አንበላም። አንድ ሌሊት ይበቃናል? የምናገኘው እውነተኛ ቤተሰብ ነው ወይስ ስሙን የቀየረ ሆቴል? ምን ይዘን እንሂድ?»

እህቴ፣ «አንድ ሌሊት ይበቃናል?» ያልሽውን ላስቀድም። የቀረው ሁሉ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነው። አይበቃም። ሁለት ሌሊት እደሩ፤ ሁለቱንም አንድ ቤት። በ3 ቀን አራት ከተማ የሚያዞሩ ጉብኝቶች ይሸጣሉ። ከእናትና ከልጅ ጋር ለሚሄድ ሰው አይሆኑም።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ደቡብ ምሥራቅ እስያ ላይ ለአበሻ ቤተሰቦች ጉዞ ማዘጋጀት ሥራዬ ነው። ዴልታው፣ ማለትም ሜኮንግ ወንዝ ባሕር ከመግባቱ በፊት ብዙ ክንድ ሆኖ የሚሰራጭበት የደቡብ ቬትናም ሜዳ ውስጥ ብዙ ቤት አድሬያለሁ። የመጀመሪያው ቀን የትም ቤት አንድ ዓይነት ነው። ከሰዓት በኋላ ትደርሳላችሁ። ሻይና ፍራፍሬ ይመጣል። ክፍሉን ያሳዩአችኋል። ማታ ራት ይቀርባል፣ ሁሉም ፈገግ ይላል፣ ሁሉም ትንሽ ይጨነቃል። በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ጀልባ መጥቶ ከወሰዳችሁ ያያችሁት መስተንግዶውን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ቀን ግን ቤቱ ወደ ራሱ ኑሮ ይመለሳል። ከምሳ በኋላ ሁሉም ጋደም ይላል። ሞተር ሳይክሉ ይቆማል፣ ውሻው እንኳ ይተኛል። ከዚያ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ይገባሉ። አያት ሰሌን ላይ ቁጭ ብለው ለራት የሚሆነውን ቅጠል ይለቅማሉ። እናትሽ ሳይጠሯቸው ሄደው አጠገባቸው ይቀመጣሉ። መግባቢያ ቋንቋ የለም፤ ግን ሁለቱም ጎመን መልቀም ያውቃሉ። ይህን ስንት ጊዜ አይቻለሁ! የምትሄዱት ለዚህ ነው።

ቦታውን በተመለከተ፣ እኔ ብሆን አን ቢን ደሴትን እመርጣለሁ። ከቪን ሎንግ ከተማ ፊት ለፊት፣ ኮ ቺየን የሚባለው የሜኮንግ ክንድ ላይ ያለ ደሴት ነው። ቪን ሎንግ ከሆ ቺ ሚን ከተማ (ሰዉ አሁንም ሳይጎን ይላታል) ወደ ደቡብ ምዕራብ 135 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በመኪና 3 ሰዓት ያህል ነው። ሚየን ታይ ከሚባለው መናኸሪያ አውቶቡስ አለ፤ ለእናትሽ ጉልበት ግን መኪና ተከራዩ። እንደ ልባችሁ እየቆማችሁ ትሄዳላችሁ። መንገድ ላይ ሚ ቱዋን የሚባለውን ትልቅ ድልድይ ታያላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2000 ሳይከፈት በፊት ሰው ሁሉ እዚያ ጋ ወርዶ ጀልባ ይጠብቅ ነበር። በ2023 መጨረሻ ጎኑ ላይ ሁለተኛው ተከፍቷል። ከቪን ሎንግ ወደ ደሴቱ ሞተር ሳይክልና እግረኛ አንድ ላይ የሚጭን ጀልባ ያሻግራችኋል፤ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው።

አንድ ነገር ጠንቀቅ በሉ። ቬትናም እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ክፍለ ሀገሮቿን ከ63 ወደ 34 ቀንሳለች። ቤን ቼና ቻ ቪን ከቪን ሎንግ ጋር ተዋህደዋል። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ «ቪን ሎንግ» ተብሎ የተጻፈ ቤት ከምታስቡት ቦታ በጣም ሊርቅ ይችላል። «አን ቢን ደሴት ላይ ነው?» ብለሽ ጠይቂ፣ ካርታ ላይም አረጋግጪ።

እኛ አገር «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባላል። ሜኮንግ ማደሪያ አለው፤ ይኸው ዴልታ ነው። ከቲቤት አምባ ተነስቶ ከ4,300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ያመጣውን ደለል የሚያወርደው እዚህ ነው። ቬትናሞች ይህን የወንዙን ጫፍ ክዩ ሎንግ ይሉታል፤ ዘጠኝ ድራጎን ማለት ነው። እናንተ የምትተኙበት ደሴትም ያው ደለል ነው። በጭቃው ላይ ቦይ ተቆፍሮ፣ በቦዮቹ መሐል አፈር ተቆልሎ ፍራፍሬ ተተክሎበታል። ጠዋት አትክልቱ ውስጥ ስትሄዱ ይህን ልብ በሉ። ዛፉ ሁሉ ከፍ ያለ መደብ ላይ ነው፣ ውሃው ከሥሩ ነው። ባለቤቶቹ ግድቦች ደለሉን ስለማስቀረታቸው፣ በበጋ ደግሞ የባሕር ጨው በወንዙ ሽቅብ ስለመግባቱ ካወሯችሁ ጆሮ ስጧቸው። እ.ኤ.አ. በ2016ና በ2020 የደረሰባቸውን አይረሱትም። ጨው የገባበት የፍራፍሬ ዛፍ ይደርቃል።

በታኅሣሥ ዝናቡ አቁሟል፣ ሙቀቱም ከዓመቱ ሁሉ ይሻላል። ራምቡታንና ሎንጋን የሚበዙት ግን በክረምት ወራት ስለሆነ «ፍራፍሬ እየቀጠፋችሁ ትበላላችሁ» የሚለውን ማስታወቂያ ሙሉ በሙሉ አትመኑ። የምታገኙት ሙዝ፣ ፓፓያ፣ ዘይቱንና ኮኮናት ነው። የትርንጎ ዘመድ የሆነው ትልቁ ፖሜሎም አለ።

ተንሳፋፊውን ገበያ ካሰባችሁት እቅጩን ልንገርሽ፤ አን ቢን አጠገብ ያለው የካይ ቤ ገበያ ከስሟል ማለት ይቻላል። ድልድይና አስፋልት ሲመጣ ነጋዴው ወደ የብስ ወጣ። ገና ያለው ካን ቶ ከተማ አጠገብ ያለው ካይ ራንግ ነው። እሱም እየሳሳ ነው፤ ለማየትም ከንጋቱ 11 ሰዓት መነሳት ይፈልጋል። ጀልባዎቹ የሚሸጡትን ነገር ረጅም የቀርከሃ እንጨት ላይ ሰቅለው ያሳያሉ፤ አናናስ የያዘው አናናስ፣ ዱባ የያዘው ዱባ። ደስ ይላል። ግን ለእሱ ብላችሁ ሁለተኛውን ሌሊት አትሠዉ።

እውነተኛ ቤተሰብ ነው ወይ ላልሽው፣ መልሱ «እንደ ቤቱ» ነው። ቬትናም ውስጥ «ሆምስቴይ» የሚለው ቃል ሁሉንም ያቅፋል። አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ የሚኖሩበት ቤት ሆምስቴይ ነው። ባለቤቱ ሳይጎን የሚኖር፣ 20 ክፍል ያለው የእንግዳ ማረፊያም ሆምስቴይ ይባላል። ፎቶ አይለየውም። ከመክፈልሽ በፊት ሦስት ነገር ጠይቂ። ግቢው ውስጥ የሚኖረው ማን ነው? ራት ከእኛ ጋር የሚበላ የቤተሰቡ ሰው አለ? ስንት ክፍል ነው የምታከራዩት? መልሱ «አያቴ፣ እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆች፤ አራት ክፍል» ከሆነ ቤተሰብ አግኝተሻል። መልሱ የዋጋ ዝርዝርና የጉብኝት ፓኬጅ ከሆነ ሌላ ፈልጊ። ቤተሰቡ ገንዘብ መቀበሉ ግን ቅር አይበልሽ። ገቢያቸው ነው። ከፍለሽም እንግዳ መሆን ይቻላል።

አሁን ወደ ምግቡ። ረዘም አድርጌ የምነግርሽ ይህንን ነው፤ አበሻ ቬትናም ላይ የሚቸገረው እዚህ ጋ ነውና።

ለእናትሽ መልካም ዜና አለኝ። ዴልታው ጾም ያውቃል። ቡድሂስቶቹ በጨረቃ ወር 1ኛውና 15ኛው ቀን ሥጋ አይበሉም። እዚያው ደቡብ ቬትናም የተመሠረተው የካኦ ዳይ ሃይማኖት ተከታዮች በወር 6 ወይም 10 ቀን ይጾማሉ። ቃሉ «ቻይ» ነው። «አን ቻይ» ማለት የጾም መብላት ማለት ነው። «እናቴ አን ቻይ ናቸው» ስትዪ ማንም ግር አይለውም። እንዲያውም አያቶቹ ፊታቸው ይፈታል፤ ለሃይማኖቷ የምትጾም እናት ማን እንደሆነች ያውቃሉ። እኛ አገር ጿሚ እንግዳ ሲመጣ ባለቤቲቱ ሽሮውን ለብቻ እንደምትሠራው፣ እነሱም ለብቻ ድስት ይጥዳሉ።

ሦስት ነገር ግን ተናገሩ። አንደኛ፣ ኑክ ማም የሚሉት የዓሣ ሶስ ሁሉም ወጥ ውስጥ ይገባል፤ ጨው ማለት ነው ለእነሱ። በምትኩ የአኩሪ አተር ሶስ እንዲያደርጉ ንገሯቸው፤ ኑክ ቱኦንግ ይባላል፣ የሌለበት ቤት የለም። ሁለተኛ፣ እነሱ ዘንድ አንዳንድ ሰው በቻይ ጊዜ እንቁላል ይበላል። እንቁላልና ወተት እንደማይገባ ለይታችሁ ንገሩ። ሦስተኛ፣ አንዳንድ ቤት አትክልቱን በአሳማ ስብ ይጠብሳል። ዘይት ይሁንልን በሉ። ይህ የመጨረሻው ለእናትሽ ብቻ ሳይሆን ለሁላችሁም ነው።

አሳማው በሁሉም ቦታ አለ። የጠዋቱ ሁ ቲዩ የሚባለው የኑድል ሾርባ መረቁ የአሳማ አጥንት ነው። እንግዳ ሲመጣ የሚጠበሰው ጥቅልል ሳምቡሳ መሳይ ነገር ውስጡ አሳማና ሽሪምፕ ነው። በደቡቡ አነጋገር አሳማ «ሄኦ» ነው። ሰሜኖቹ ሌላ ቃል አላቸው፤ ስልክሽ ላይ የጫንሽው መተርጎሚያ የሰሜኑን ቢሰጥሽም ይገባቸዋል። ሽሪምፕና ሸርጣንም የማትበሉ ከሆነ አብራችሁ ተናገሩ፤ እነሱ ዘንድ ሽሪምፕ ለክብር እንግዳ የሚቀርብ ነው። ሳትናገሩ ቀርታችሁ ሳህኑ እንደመጣ ቢመለስ ባለቤቲቱ ታዝናለች። ቀድማ ካወቀች ግን ዶሮ ወይም ዳክዬ ታርዳለች። በነገራችን ላይ በሩዝ ማሳው የሚያዘው አይጥም ለእነሱ ምግብ ነው። ለእንግዳ ሳይጠይቁ አያቀርቡም፤ ልጅሽ ገበያ ላይ ካየች ግን ጥያቄ ስለሚመጣባችሁ አስቀድሜ ልንገርሽ ብዬ ነው።

ታዲያ እናትሽ ምን ይበላሉ? በሎሚ ሣር የተጠበሰ ቶፉ። በነጭ ሽንኩርት የተቁላላ፣ ከጎመን የቀለለ የውሃ ቅጠል። በታማሪንድና በአናናስ የተሠራ ጎምዛዛ ሾርባ፣ ያለ ዓሣው። ጠዋት ላይ በኮኮናት ወተት የበሰለ የሚጣበቅ ሩዝ፣ ኦቾሎኒ ተደርጎበት። ስኳር ድንችና ሙዝ። እኔ ያዘጋጀሁላቸው ጿሚ እናቶች ከባሎቻቸው የተሻለ በልተው ነው የተመለሱት።

እናንተ ዓሣ ከበላችሁ ደግሞ «የዝሆን ጆሮ» የሚሉትን ጠይቁ። ጠፍጣፋና ሰፊ ስለሆነ ነው ስሙ። ከነቅርፊቱ በዘይት ይጠበስና ሳህን ላይ ሳይተኛ ይቆማል፤ በእንጨት ተደግፎ፣ ክንፎቹ ተዘርግተው፣ አሁን የሚዋኝ ይመስል። አጠገቡ ስስ የሩዝ ቂጣ፣ ሽታ ያላቸው ቅጠሎች፣ ኪያር፣ አናናስና ነጭ ኑድል ይቀመጣል። ባለቤቲቱ በመብያ እንጨቶቿ ከጎኑ ነጭ ሥጋ ትቦጭቃለች። ቂጣው ላይ ታደርጋለች። ቅጠሉን፣ አናናሱን ትጨምራለች። ትጠቀልልና በሁለት እጇ ለእንግዳው ትሰጣለች። የመጀመሪያውን የምትጠቀልለው እሷ ናት፤ ለእንግዳ። እሱ እስኪበላ ዓይን ዓይኑን ታያለች። ጉርሻ ነው እኮ! ተቀበሉ፣ በሉ፣ ከዚያ እናንተም ለአያት አንድ ጠቅልላችሁ ስጡ። በዚያች ቅጽበት ገበታው ይለወጣል።

ሲበሉ ደግሞ አንድ ሥርዓት አለ። በብዙ ቤት ልጆች ከመጉረሳቸው በፊት ትልልቆቹን በየተራ «ሞይ» ይላሉ፤ «ይብሉ» ማለት ነው። ልጅሽ «ሞይ ባ» ብትል ብቻ ይበቃል፤ «ባ» አያት ናት። ይህን አስተምሪያት። ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህ አይቅር። ሩዝ ውስጥ የመብያ እንጨቶቹን ቀጥ አድርጋችሁ አትትከሉ፤ ለሙት የሚቀጣጠል ዕጣን ይመስላል። እኔ መጀመሪያ ያደርኩበት ቤት ሳላውቅ ተክዬው አያቲቱ ምንም ሳይሉ እጃቸውን ዘርግተው ነቀሉልኝ። ሳህኑ ጫፍ ላይ አጋድመው አስቀመጡልኝና እጄን መታ መታ አደረጉኝ። አፈርኩ፤ ግን ደግነታቸውን እስከዛሬ አልረሳሁትም።

አጠራሩ የራሱ ዓለም ነው። እኛ «ጋሼ»፣ «እትዬ»፣ «እማማ» እንደምንለው ቬትናሞችም ሰውን በባዶ ስሙ አይጠሩም። ዕድሜሽን የሚጠይቁሽም ለዚህ ነው። ገና ሳትቀመጪ «ስንት ዓመትሽ ነው?» ሲሉሽ ምን ብለው እንደሚጠሩሽ እየለኩ ነው። በደቡብ ደግሞ ልጆች በተወለዱበት ተራ ይጠራሉ። የሚገርመው፣ የመጀመሪያው ልጅ «ሁለት» ነው የሚባለው። «ሃይ» ማለት ሁለት ነው፤ በኩሩ ሃይ፣ ተከታዩ «ሦስት»፣ እያለ ይቀጥላል። የመጨረሻዋ «ኡት» ናት፤ ማሙሽ ወይም ሚሚ እንደማለት። ስለዚህ «እህት ሃይ» ሲባል ከሰማሽ የቤቱ ታላቅ ልጅ ናት። ባልሽ የበኩር ልጅ ከሆነ ንገሯቸው፤ በዚያው ቀን «ወንድም ሃይ» ይሆናል፣ ሙሉ ማታ በዚሁ ይስቃሉ።

ቤት ስትገቡ ፊት ለፊት የምታዩት ከፍ ያለ ጠረጴዛ አለ። የሞቱ አያቶች ፎቶ፣ ዕጣን፣ ፍራፍሬና አበባ አለበት። የቤቱ ልብ እሱ ነው። ጀርባ ሰጥታችሁ አትቀመጡ፣ ልጅ ፍራፍሬውን እንዳትነካ ንገሯት፣ ሳትጠይቁ ፎቶ አታንሱ። ዕጣን አጭሱ ከተባላችሁና ሃይማኖታችሁ ካልፈቀደ ጎንበስ ብላችሁ ሰላምታ መስጠት ይበቃል፤ ማንም አያስገድድም። ዕድላችሁ ሰምሮ የሙት ዓመት ድግስ ካጋጠማችሁ ግን ሌላ ፕሮግራም ካለ ሰርዙት። ተዝካር ነው፤ በየዓመቱ የሚደገም ተዝካር። እኔ አንድ ጊዜ ገጥሞኛል። ሌሊቱን የጎረቤት ሴቶች በጀልባ እየመጡ ጓሮ ውስጥ ተቀምጠው በሙዝ ቅጠል የሚጠቀለል የሩዝ ኬክ ሠሩ። ቅጠሉን በእሳት ለብ ሲያደርጉት የሸተተኝ የኮባ ዳቦ ነው። ምግቡ መጀመሪያ ለሙታኑ ቀረበ። ዕጣኑ ነድዶ እስኪያልቅ ማንም አልበላም። ከዚያ ሰው ሁሉ በላ፣ የሩዝ አረቄው በአንድ መለኪያ ዙሩን ያዘ፣ ሙዚቃ ተጀመረ። መለኪያው ሲደርስ የማይጠጣ ሰው ከንፈሩን አስነክቶ ያሳልፋል፤ ለባለቤትሽ ንገሪው፣ አረቄው የዋዛ አይደለም።

ወደ እናትሽ ጉልበት ልምጣ። ብዙ ቤቶች አሁን መቀመጫ ያለው ሽንት ቤትና ሙቅ ውሃ አላቸው፤ ሁሉም ግን አይደሉም። አሮጌዎቹ ላይ ቁጢጥ የሚባልበት ነው፣ መታጠቢያውም ባልዲና ጣሳ ነው። የሽንት ቤቱን ፎቶ እንዲልኩልሽ ጠይቂ፤ ነውር አይደለም። አልጋው ከእንጨት የተሠራ መደብ ላይ ሰሌን ብቻ የተነጠፈበት ሊሆን ይችላል። እነሱ ለወገብ ጥሩ ነው ይላሉ፤ ለ66 ዓመት ሰው ግን ፍራሽ ያለው ክፍል አስይዙ፣ ምድር ቤት። ጀልባው ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። ባለ ሞተሩ ሰፋ ያለና የሚረጋ ነው። በቀጭኑ ቦይ የሚገባው በመቅዘፊያ የሚሄድ ጠባብ ታንኳ ይወዛወዛል፤ ለመግባት ጉልበት ማጠፍ ይፈልጋል። እናትሽ እሱ ቢቀርባቸው ምንም አይጎድልባቸውም።

ጓሮ ውስጥ ትልልቅ የውሃ ጋኖች ታያላችሁ። የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ናቸው። ድሮ የወንዙን ውሃ ሞልተው ሸብ ያዞሩበት ነበር፤ ጭቃው ይዘቅጥና ንጹሑ ከላይ ይቀራል። እናትሽ ጋኑን ሲያዩ ጠላ ትዝ ይላቸዋል። ለመጠጥ ግን የታሸገ ውሃ ብቻ፤ ጥርስ ለመቦረሽም ጭምር።

ስለ ልጅሽ አንድ ነገር በጣም አሳስብሻለሁ። ውሃው አጥር የለውም። ቦዩ ከበሩ ሥር ነው፣ የጀልባ መውጫው ደረጃ ያንሸራትታል፣ ውሃው ቡናማ ስለሆነ የወደቀ ነገር አይታይም። የሠፈሩ ልጆች እዚያ አድገው ሲዘሉ ስታይ «ምንም አይሆንም» ይመስልሻል። የአንቺ ልጅ እዚያ አላደገችም። ደሴቱ ላይ እስካላችሁ ድረስ ከሁለታችሁ አንዳችሁ በእጅ ርቀት ሁኑ፤ ተራ ተከፋፈሉ። የልጅ ላይፍ ጃኬት መኖሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ጀልባ ላይ ሁሉም ሰው ይልበስ። ቀጥሎ ትንኝ ነው። አጎበር ይሰጧችኋል፣ ግን አጎበር የሌሊት ነው። እዚያ የሚያሰጋው ዴንጊ የሚባለው የትኩሳት በሽታ ነው፤ እሱን የምታስተላልፈው ትንኝ ደግሞ ቀን ነው የምትናከሰው፣ በተለይ ጠዋትና ወደ ማታ። የሚቀባ መከላከያ ከዱባይ ገዝታችሁ ሂዱ፣ ረጅም እጅጌ አልብሷት። ትኩሳት ከመጣ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን አትስጡ፤ ፓራሲታሞል ብቻ፣ ወዲያውም ሐኪም ጋ።

ሌላም ልንገርሽ፣ ሌሎች ስለማይነግሩሽ። ገጠሩ ላይ ጥቁር ሰው ብዙ አያዩም። ያዩአችኋል። የልጅሽን ፀጉር ሊነኩ ይመጣሉ፣ ክንዳቸውን ከክንድሽ ጋር አስተያይተው ይስቃሉ፣ ፎቶ እንነሳ ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ክፋት የለበትም። ግን ልጅ ትደክማለች። ከጉዞው በፊት አንቺ ንገሪያት፤ «እጄን አትንኩ» ማለት መብቷ እንደሆነ ታውቅ። የቤቱ እናት ከጎናችሁ ትሆናለች፤ አንዴ ካየች ራሷ ትከላከልላችኋለች።

ቪዛ በኢንተርኔት ነው። ከነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሁሉም አገር ዜጋ ተከፍቷል፤ እስከ 90 ቀን፣ አንድ ጊዜ መግቢያው 25 ዶላር። የመንግሥቱን ገጽ ብቻ ተጠቀሙ፤ ተመሳሳይ መስለው እጥፍ የሚያስከፍሉ አሉ። የእናትሽን ስም ፓስፖርቱ ታች ያሉት ሁለት መስመሮች ላይ እንደተጻፈው፣ ፊደል ሳይጎድል ሙሉት። የእኛ ሰው የአባትና የአያት ስም ላይ ነው የሚሳሳተው፤ አየር መንገዱ በር ላይ ይመልሳል። ቤቱ ስትደርሱ ፓስፖርት ይጠይቋችኋል። እንግዳ ማስመዝገብ ሕግ ነው፤ ባለቤቶቹ ለፖሊስ ማሳወቅ አለባቸው። ፎቶ አንስተው ይመልሱላችኋል፤ ሌሊቱን አስቀምጠውት አይደሩ።

ገንዘቡ ብዙ ዜሮ አለው። 1 ዶላር ከ25,000 ዶንግ በላይ ነው። የ20,000ውና የ500,000ው ኖት ሁለቱም ሰማያዊ ናቸው። ማታ ብርሃን በሌለበት አትክፈሉ።

ስጦታ? የተቆላና የተፈጨ ቡና ያዙ፤ ጥሬው ጉምሩክ ላይ ጥያቄ ሊያመጣ ይችላል። ቬትናሞች ቡና ይወዳሉ፣ አገራቸውም ከብራዚል ቀጥሎ ትልቋ አምራች ናት፤ የእነሱ ግን ሮቡስታ የሚባለው ዓይነት ነው፣ መራራና ወፍራም፣ ከጣፋጭ ወተት ጋር የሚጠጣ። የእናትሽን ቡና ሲቀምሱ ገርሟቸው ይጠይቃሉ። ጀበና ከመጣ ደግሞ ሁለተኛው ቀን ከሰዓት የእናትሽ ነው። ሚጥሚጣም ያዙ። እነሱ ጥሬ ማንጎና ዘይቱን በጨውና በበርበሬ እየነከሩ ይበላሉ፤ ሚጥሚጣ ለዚያ የተፈጠረ ነው። ስጦታውን በሁለት እጅ ስጡ፣ ለአያት ስጡ። የማደሪያውን ሒሳብ ግን ለአያት አትስጡ፤ ቦታውን ካስያዘላችሁ ልጅ ወይም ምራት ጋር፣ በመጨረሻው ማታ፣ ለብቻ ጨርሱ።

አሁን አንድ ሥራ አለሽ። ቤቱን ስትመርጪ የሚከተለውን በቬትናምኛ አስተርጉመሽ ላኪላቸው፤ ቅጂውንም ስልክሽ ላይ ያዥ፦ «አራት ሰዎች ነን፤ አንዷ የ7 ዓመት ልጅ፣ አንዷ የ66 ዓመት እናት። ሁለት ሌሊት እናድራለን። እናታችን አን ቻይ ናቸው፤ ሥጋ፣ ዓሣ፣ የዓሣ ሶስ፣ እንቁላልና ወተት አይበሉም። ሌሎቻችን አሳማ አንበላም፤ በአሳማ ስብም አይጠበስልን። እናታችን ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ምድር ቤት፣ ፍራሽና መቀመጫ ያለው ሽንት ቤት ይፈልጋሉ። ለልጃችን ላይፍ ጃኬት አላችሁ? ራት ከእናንተ ጋር አብረን መብላት እንወዳለን።»